ጥቁሩና ነጩ ድንጋይ

 

ባለፈው ወር ከጸሎት በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት አንዲት እህታችን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ “እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ስትል አጫወተችኝ። “አራት ዓመት ሙሉ ደሞዜን ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። በእናታችን ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ይሠራልኝ ብዬ ነው። ዛሬ ከመሠረቱ በቀር የቆመ ነገር የለም። ገንዘቡን ባጃጅ ገዛበት፤ ባጃጇም ተጋጭታ ቆማለች። አሁን እየደወለ ያለቅሳል፣ ይቅር በይኝ ይላል። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ግን እትዬ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከአምስት ወር በኋላ ኮንትራቴ ያልቃል። እሱ እንደ ድሮው እንሁን ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ድሮው መሆን አቃተኝ። እንግዲህ ይቅር አላልኩም ማለት ነው?”

እውነቱን ልናገርና ቶሎ የሚመለስ መልስ አልነበረኝም። ወደ አእምሮዬ የመጣው በጦርነት ጊዜ ፈርሶ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና የተሠራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ታሪኩን ጀመርኩላት። እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ግን ሹፌሩ መጥቶ ጠራት። “የቀረውን በመጽሔታችን ላይ እጽፍልሻለሁ” አልኳት። ዛሬ ቃሌን ልፈጽም፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን እንደ እኛ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ጉልላት

ቤተ ክርስቲያኑ የሚገኘው በምሥራቅ ጀርመን፣ በኤልበ ወንዝ ዳር በተሠራችው በድሬስደን ከተማ ነው። ስሙ ፍራውንኪርሸ ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ “የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን” ማለት ነው። በዚያ ቦታ ከጥንት ጀምሮ በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ከተማው የሉተርን እምነት ከተቀበለ በኋላም ስሙ አልተለወጠም።

ዛሬ የምንናገርለት ሕንፃ ሥራው የተጀመረው በ1726 ሲሆን የተጠናቀቀው በ1743 ነው። ንድፉን ያወጣው ጌኦርግ ቤር የተባለ የከተማው የአናጢዎች አለቃ ነበር። ቤር ጉልላቱን ከድንጋይ እሠራለሁ ብሎ ሲነሣ ብዙዎች ተጠራጠሩ። እንዲህ ያለ ክብደት በስምንት ምሰሶ ላይ እንዴት ይቆማል? ነበር ጥያቄያቸው። ጉልላቱ ወደ 12,000 ቶን ይመዝን ነበር። ቤር ሥራው ሳያልቅ በ1738 ቢያርፍም ጉልላቱ ቆመ። ከሩቅ ሲታይ ትልቅ ደወል ስለሚመስል ሰዎች “የድንጋይ ደወል” አሉት። ታላቁ የሙዚቃ ሰው ዮሐን ሴባስቲያን ባክም በ1736 መጥቶ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ኦርጋን ላይ ተጫውቷል።

በ1760 የፕሩሲያ ንጉሥ ጦር ከተማይቱን ከብቦ በመድፍ ደበደባት። ብዙ የመድፍ ጥይት የድንጋዩን ጉልላት መታው። ጥይቱ ግን እየነጠረ ወደቀ፤ ጉልላቱ አልተበገረም። የከተማው ሰው ከዚያ ወዲህ “ይህን ጉልላት የሚያፈርስ የለም” ማለት ጀመረ። እህቶቼ፣ ሰው በሠራው ነገር እንዲህ ሲታመን ደስ ይላል፤ ነገር ግን አደገኛም ነው።

እሳቱ ከየት ተነሣ?

ስለ ፍርስራሹ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። የጦርነቱን እሳት ለኩሰው የጀመሩት የድሬስደን ሰዎች መንግሥት ናቸው። ሂትለርና የናዚ ፓርቲው በ1933 ሥልጣን ያዙ። ከቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ብዙዎች ተከተሏቸው። በፍራውንኪርሸ ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ሁጎ ሃን ይህን በመቃወማቸው በ1938 ከአገልግሎታቸው ተለይተው ከአካባቢው ተባረሩ።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1938 ሌሊት፣ በከተማይቱ የነበረውን የአይሁድ ምኩራብ የናዚ ሰዎች አቃጠሉት። ምኩራቡ ከፍራውንኪርሸ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ነው። የጎረቤቱ ቤተ ጸሎት ሲነድ አብዛኛው ሰው በዝምታ ተመለከተ። በማግስቱ በሰማይ ላይ የመጣ የጠላት አውሮፕላን አልነበረም። ያን እሳት የለኮሰው የከተማው የራሱ ሰው ነበር።

ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ የጀርመን አውሮፕላኖች ዋርሶን፣ ሮተርዳምን፣ ለንደንን ደበደቡ። ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት ደግሞ በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተባለችውን ከተማ አነደዷት። በዚያች ሌሊት ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆየው ካቴድራልም ጣሪያው ነድዶ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ኮቨንትሪን አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ማክሰኞ ነበር። ለምዕራባውያን ክርስቲያኖች የዐቢይ ጾም ዋዜማ ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም። ድሬስደን ከምሥራቅ የሩሲያን ጦር ሸሽተው በመጡ ስደተኞች ተሞልታ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ሽማግሌዎች ጓዛቸውን ይዘው በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ሰፍረው ነበር።

ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደረሱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ደግሞ ከመጀመሪያው የበዛ ሌላ ጓድ መጣ። በሁለቱ ዙር ወደ 800 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ አወረዱ። በማግስቱ ቀን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጨመሩ። የከተማው መሐል አንድ ምድጃ ሆነ። የታሪክ ሊቃውንት ለዓመታት አጣርተው በ2010 ባወጡት ጥናት እስከ 25,000 የሚደርሱ ሰዎች እንደሞቱ ገልጸዋል። የናዚ ፕሮፓጋንዳ በጊዜው ከዚህ እጅግ የበዛ ቁጥር ነዝቶ ነበር። ብዙዎችም እስከ ዛሬ ያንን ይደግማሉ። 25,000 ነፍስ ግን ማጋነን የማያስፈልገው ሐዘን ነው።

በዚያች ሌሊት ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ወደ ፍራውንኪርሸ ምድር ቤት ሸሽተው ገቡ። የድንጋዩ ጉልላት ከላይ ጠበቃቸው፤ ሕንፃው ሳይፈርስ በሕይወት ወጡ። ነገር ግን ከውጭ ያለው ሙቀት መስኮቶቹን ሰባብሮ እሳቱ ወደ ውስጥ ገባ። የእንጨቱ ወንበርና የእንጨቱ ሰገነት ሁሉ ነደደ። ድንጋዩ ራሱ ጋለ። የመድፍ ጥይት ያልበገረው ጉልላት ከላይ ሳይሆን ከታች ተሸነፈ። የሚሸከሙት ምሰሶዎች በሙቀት እየላሉ፣ እየተሰነጠቁ ሄዱ።

ጉልላቱ ወዲያው አልወደቀም። ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን በእሳቱ መካከል ቆመ። ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች በጭሱ ውስጥ ቀና ብለው ሲያዩት “እርሱ እንኳ ተረፈልን” ይሉ ነበር። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አንዱ ምሰሶ ከዳ። ከእርሱም ጋር ያ ሁሉ ክብደት ተናደ። አቧራው ሲጠራ የቆሙት ሁለት የግድግዳ ቁራጮች ብቻ ነበሩ። ሌላው 22,000 ኪዩቢክ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ክምር ሆነ።

አርባ አምስት ዓመት የቆየ ክምር

ከጦርነቱ በኋላ ከተማይቱ በምሥራቅ ጀርመን የኮሚኒስት መንግሥት ሥር ወደቀች። ፍርስራሹን ጠርጎ ቦታውን ለሌላ ነገር ማዋል ይፈልጉ የነበሩ ባለ ሥልጣናት ነበሩ። ሃንስ ናድለር የተባሉ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ግን ክምሩ እንዳይነሣ በብልሃት ተከላከሉ። በ1966 ፍርስራሹ የጦርነት መታሰቢያ ተባለ። ሣር በቀለበት፤ ቁጥቋጦ ወጣበት። እዚያ አካባቢ ተወልደው ያደጉ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ሲባል የሚያውቁት ጥቁር ክምር ነበር።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 13 ማታ ሰዎች ሻማ ይዘው ወደ ክምሩ ይመጡ ጀመር። በ1982 ወጣቶች በብዛት ወጥተው ሻማቸውን በድንጋዩ ላይ አቆሙ፤ ጦርነት ይብቃ አሉ። በዚያ መንግሥት ዘመን እንዲህ ማድረግ እስር ሊያመጣ ይችል ነበር። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሳይሠራም እንኳ ማገልገል ጀመረ ማለት ነው።

በ1989 የበርሊን ግንብ ፈረሰ። በፌብሩዋሪ 1990 ሉድቪግ ጉትለር የተባለ መለከት ነፊና ጓደኞቹ ለዓለም ሁሉ ጥሪ አስተላለፉ። ፍራውንኪርሸን እንደገና እንሥራ፣ አግዙን የሚል ነበር። ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። “ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት በሚያስፈልግበት ጊዜ ይህን ሁሉ ገንዘብ?” ያለ ነበር። “ፍርስራሹ ራሱ ስብከት ነው፤ አዲስ ከሠራችሁት ልጆቻችን የሆነውን ይረሳሉ” ያለም ነበር። የአካባቢው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንኳ መጀመሪያ አመንትታ በ1991 ነው የተስማማችው። እነዚህ ተቃዋሚዎች ሞኞች አልነበሩም። የያዙት ጥያቄ የእህታችን ጥያቄ ነው፤ የፈረሰውን መልሰን ስንሠራ የሆነውን ነገር እንዳልሆነ ማድረጋችን አይደለምን?

ድንጋይ በድንጋይ

መልሱ የተገኘው በአሠራሩ ነው። ፍርስራሹን በትልቅ ማሽን ጠርገው አልጣሉትም። ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሡ። እያንዳንዱ ዋና ድንጋይ ተለካ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በክምሩ ውስጥ የወደቀበት ስፍራ ተመዘገበ፤ የወደቀበት ስፍራ ቀድሞ የት እንደነበረ ያመለክታልና። ከዚያም በኮምፒውተር እያገላበጡ የትኛው ድንጋይ የትኛው ቦታ እንደነበረ ፈለጉ። ከ3,500 በላይ የሚሆኑ የውጭ ግድግዳ ድንጋዮች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ።

የበሮቹ ነገር ደግሞ ይገርማል። ቀድሞ የነበሩት የወይራ ሳይሆን የባሉጥ እንጨት በሮች ቅርጻቸው ምን እንደሚመስል በትክክል የሚያውቅ ጠፋ። ሠራተኞቹ ለሕዝቡ “የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ አምጡ” ብለው ጠየቁ። ከጦርነቱ በፊት የተጋቡ ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበርና ሰዎች የሠርግ አልበማቸውን ይዘው መጡ። ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየውን በር እያዩ አናጢዎቹ አዲሱን ቀረጹ።

ሥራው በጠቅላላ ወደ 180 ሚሊዮን ዩሮ ፈጀ። ከዚህም ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነው ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች በመዋጮ የተገኘ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው ነው። የፍርስራሹ ስባሪ የገባበት የእጅ ሰዓት እየተሸጠ ገንዘብ ተሰበሰበ። ጉትለርም መለከቱን ይዞ እየዞረ ለዚሁ ሥራ ተጫወተ። ጊንተር ብሎበል የተባሉ ሳይንቲስት ደግሞ በልጅነታቸው ጦርነቱን ሸሽተው ሲያልፉ ድሬስደንን ከመፍረሷ በፊት አይተዋት ነበር። ኋላ አሜሪካ ኖረው በ1999 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ገንዘቡን ከሞላ ጎደል በሙሉ ለድሬስደን ሰጡ። የሰጡትም ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ በ1938 ለተቃጠለው ምኩራብም ጭምር ነው። አዲሱ ምኩራብ በ2001፣ አሮጌው በተቃጠለበት በኖቬምበር 9 ቀን ተመርቋል። በዚያ የእሳት ሌሊት አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከአሮጌው ምኩራብ ያተረፈው የዳዊት ኮከብ ዛሬ በአዲሱ ላይ ይታያል።

የአብራሪው ልጅ

አሁን ወደ ኮቨንትሪ ልመልሳችሁ። የኮቨንትሪ ካቴድራል በተቃጠለ ማግስት ከጣሪያው የወደቁ የድሮ ሚስማሮች ተለቅመው በመስቀል ቅርጽ ተሠሩ። በፍርስራሹ ግድግዳ ላይም የይቅርታ ልመና ቃል ተቀረጸ። ቃሉ “ይቅር በል” ይላል እንጂ “ይቅር በላቸው” አይልም። ማን ይቅር እንደሚባል አልተለየም። ጀርመኖች ብቻ ጥፋተኞች ናቸው፣ እኛ ንጹሐን ነን እንዳይባል ነው። ከኮቨንትሪ የሚስማር መስቀል ዓይነቱ ወደ ብዙ አገር ተልኳል። አንዱ ዛሬ በድሬስደን ፍራውንኪርሸ አለ።

ለፍራውንኪርሸ ሥራ በብሪታንያም ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር በ1993 ተቋቋመ። ማኅበሩ በጉልላቱ ጫፍ የሚቆመውን የወርቅ ቀለም ያለው መስቀል ለማሠራት ተነሣ። ሥራው ለለንደን አንጥረኞች ተሰጠ። ከአንጥረኞቹ መካከል ዋናውን ሥራ የሠራው አለን ስሚዝ ነው። አባቱ ፍራንክ ስሚዝ በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደንን ከደበደቡት አውሮፕላን አብራሪዎች አንዱ ነበር።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። አባት በአውሮፕላን መጥቶ ከተማይቱን አነደደ። ልጁ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዶሻ አንሥቶ፣ በጥንቱ የእጅ ሥራ ዘዴ፣ ለዚያች ከተማ መስቀል ቀጠቀጠ። ይቅርታ በቃል ብቻ አልተጠየቀም፤ በእጅ ሥራ ተጠየቀ። መስቀሉ በፌብሩዋሪ 2000 ለድሬስደን ተሰጠ፤ በጁን 2004 ደግሞ በጉልላቱ ጫፍ ላይ ወጣ። የቀድሞው መስቀልም አልተጣለም። በ1993 ከፍርስራሹ ሥር ተጣሞና ጠቁሮ ተገኘ። አላቀኑትም፣ አላብለጨለጩትም፤ እንደ ተጣመመ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሟል። የገባ ሁሉ ያየዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ኦክቶበር 30 ቀን 2005 ተባርኮ ለአገልግሎት ተከፈተ። ከፈረሰ 60 ዓመት አልፎ ነበር። ውስጡ አልበቃ ብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባዩን ሞላው። አርብ አርብም እኩለ ቀን ላይ የዕርቅ ጸሎት ይደረግበታል።

ያልታጠበው ጥቁረት

ዛሬ ፍራውንኪርሸን በፎቶግራፍ እንኳ ብታዩት መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው ቀለሙ ነው። አዲሶቹ ድንጋዮች ነጣ ያሉ ናቸው። በመካከላቸው ጥቁር ጥቁር ድንጋይ ተበትኖ ይታያል። በአንድ ወገን ደግሞ ሳይወድቅ የቀረው ግድግዳ እንዳለ ጥቁር ሆኖ ከአዲሱ ጋር ተያይዟል።

እኛ የጽዳት ሰዎች ነን። እድፍ ስናይ እጃችን ይበላናል፤ “በምን ቢታጠብ ይለቃል?” እንላለን። እነዚያ ሠራተኞች ግን ጥቁሩን አጥበው አዲስ ለማስመሰል አልሞከሩም። አዲሱንም ጥቁር ቀብተው አሮጌ አላስመሰሉትም። አሮጌው አሮጌ፣ አዲሱ አዲስ ሆኖ አንድ ግድግዳ ይሸከማሉ። “ከሠራችሁት ይረሳል” ላሉት ሰዎች መልሱ ይህ ነው።

ከዚህም ጋር ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የወደቀ ድንጋይ ሁሉ ወደ ቦታው አልተመለሰም። እየተመረመረ ሸክም የሚችለው ብቻ ነው ሸክም የተሰጠው። ምሰሶዎቹ ቀድሞም ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ስለነበር ከጠነከረ አዲስ ድንጋይ ተሠሩ። በጉልላቱ ሥር ክብደቱን የሚያከፋፍል የብረት መቀነት ተጨመረ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ድሮው ተሠራ፤ የድሮ ድካሙ ግን እንዳይደገም ተደረገ።

ሁለተኛው፣ ጥቁረቱ ሁሉ የእሳት አይደለም። የዚያ አገር አሸዋማ ድንጋይ ብረት ነክ ነገር ስላለበት ለነፋስና ለዝናብ ሲጋለጥ በዓመታት ብዛት በራሱ ይጠቁራል። ስለዚህ ዛሬ ነጭ የሆነው ድንጋይም ቀስ በቀስ እየጠቆረ ይሄዳል። አንድ ቀን አሮጌውና አዲሱ ይቀራረባሉ። ይህን የሚያደርገው ግን የሰው ቀለም ሳይሆን ጊዜ ነው።

ለእህቴ

እንግዲህ እህቴ፣ ያቋረጥነውን ጨዋታ ልቀጥልልሽ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው፣ ውሃ አይታፈስም። ድንጋይ ግን ይነሣል፤ አንድ በአንድ ነው እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። እንደ ድሮው መሆን አቃተኝ ማለትሽ ይቅር አለማለትሽ አይደለም። ይቅርታሽ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ይቅርታ ነው። በዚህ አትፈሪ፣ አትሸማቀቂም።

አገርሽ ስትገቢ ነገሩ እንዳልሆነ ለማስመሰል አትድከሚ። ከወንድምሽ ጋር እናታችሁ ባሉበት ተቀምጣችሁ ድንጋዩን ቁጠሩት፤ ይህን ያህል ላክሁ፣ ይህ ለዚህ ዋለ፣ ይህ ጠፋ ተባባሉ። ቁጥር ሳይሰጠው ወደ ግድግዳ የተመለሰ ድንጋይ የለም። ሸክሙንም መርምረሽ ስጪው። ይቅር ማለት ገንዘብሽን እንደገና በእጁ ማስቀመጥ ማለት አይደለም። ከእንግዲህ የምትልኪው በራስሽ ስም ባለ የባንክ ደብተር ይግባ። ወንድምነቱን መልሺለት፤ ገንዘብ ያዥነቱ ይቆይ። በዚህ የሚቀየምሽ ቢኖር የብረት መቀነት ጉልላትን ለመጠበቅ እንጂ ለመስደብ እንደማይታሠር ንገሪው።

ለወንድምሽ ደግሞ አንድ መልእክት አድርሺልኝ። በስልክ ማልቀሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዶሻ ይያዝ። መሠረቱ ወጥቷል ብለሽኛል። እንግዲህ ድንጋዩን ይሸከም፣ ጭቃውን ያቡካ፣ ማገሩን ይምታ። የአብራሪው ልጅ አባቱ ላደረገው በገዛ እጁ መስቀል ከሠራ፣ ወንድምሽ ራሱ ላደረገው አንድ ግድግዳ ማቆም አያቅተውም። ያ ግድግዳ ሲቆም ስታዪው ልብሽ ምን እንደሚልሽ ያን ጊዜ ትነግሪኛለሽ።

ድሬስደን 60 ዓመት ፈጀባት። የአንቺ ግን ያን ያህል እንዳይፈጅ እጸልያለሁ። አምስት ወር ለጉልላት አይበቃም፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ ለማንሣት ግን ይበቃል።

እናንተም እህቶቼ፣ በየልባችሁ የፈረሰ ነገር ያላችሁ፣ ክምሩን ጠርጋችሁ አትጣሉት። እስኪነሣ ድረስ ሻማ አብሩበት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ድረስ ሰላመ እግዚአብሔር አይለያችሁ።